ካሜራውን አዙሪ

ልጄ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ በቀን አንድ ሰዓት ብቻዋን መሆን። በዚያች ሰዓት የተነሳ የእኔ ግንባር ተፈነከተ፣ ባሏም ከሞት ደጃፍ ተመለሰ። ሁላችንም ግን በሕይወት አለን። ስለዚህ ተመስገን ብዬ ነው የምጀምረው።

መርካቶ ውስጥ ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ስለማትርቅ፣ የመንገዱ ጫጫታ ትንሽ ጋብ ሲል የካህናቱ ድምፅ ይሰማኛል። ጋብ የሚለው ግን ከስንት አንዴ ነው። ተሸካሚዎች "ዞር በሉ!" እያሉ ያልፋሉ፤ ያልዞረውን ጆንያው ራሱ ያዞረዋል። ሰው ይጋጫል፣ ይሰዳደባል፣ ይታረቃል። እኔም ብሆን በትከሻ ተገፍቼ መሬት የወደቅኩበት ቀን ብዙ ነው።

እዚህ ስኖር ብቻዬን የምሆንበት ክፍል ኖሮኝ አያውቅም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱም እኔም ልጆቹም አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ነበርን። ብቻዬን መሆን ሲያምረኝ ነጠላዬን ከራሴ ወደ ፊቴ እስበዋለሁ። ነጠላ ተከናንባ ፊቷን የሸፈነችን ሴት ማንም አይጠራትም። እየጸለየች ይሆናል፤ እያለቀሰች ይሆናል፤ ራሷን አሟት ይሆናል። ማንነቷን የማያውቅ ደንበኛ እንኳ አይቷት "ቆይቼ ልመለስ" ብሎ ይሄዳል። መርካቶ መሀል ሆኜ ከፈጣሪዬ ጋር የተነጋገርኩት በዚያች ስስ ጨርቅ ውስጥ ነው።

ልጄ ነጠላ ነበራት። ስልክም ነበራት። ነጠላውን ስትከናነብ ስልኩ ይጮህ ነበር።

ስልኩን የገዛላት ባሏ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ኩሺኔታ፣ የፍሬን ሸራ፣ የመሳሰለውን። ሲያገባት ደግ ሰው ነበር። የሱቄ የብረት መዝጊያ ተጣሞ አልዘጋ ሲል መዶሻ ይዞ መጥቶ አቃንቶልኛል። "እማማ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ" እያለ ጀሪካኔን ከእጄ ይነጥቅ ነበር። በሠርጋቸው ማግስት ሮዝ ሽፋን ያለው ውድ ስልክ ሰጣትና "ሁልጊዜ አብረን እንድንሆን ነው" አለ። ዘመድ ሁሉ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ።

ከዚያ በኋላ ልጄ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ብቻዋን መጥታ አታውቅም። ገና ሳትቀመጥ ስልኩ ይጮሃል። ፊቱ ስልኩ ላይ ይመጣል፤ ከኋላው የመኪና ዕቃ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል።

"የት ነሽ?"

"እማዬ ጋ።"

"ካሜራውን አዙሪ።"

ታዞረዋለች። ክሩን፣ ቁልፉን፣ በሩን፣ እኔን ያያል። "እንደምን ዋሉ እማማ" ይለኛል አክብሮ። ከጎኔ ሻርፕና ብትን ጨርቅ የምትሸጥ የወሎ ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፤ ከእህት የማትተናነስ። እሷ ታዲያ አንገቷን በግድግዳው ጥግ ብቅ አድርጋ "እኔንም አሳይው እንጂ! ቆይ ሻርፔን ላስተካክል" ትላለች። እንስቃለን። እሱም ይስቃል።

በኋላ መሳቁን ተውነው። ወጥ ስትሠራ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁማ ነው። ልብስ ስታጥብ ባልዲው አጠገብ ነው። ስልኩ ላይ ካርታ አለ፤ ያለችበት ቦታ በሰማያዊ ነጥብ ይታየዋል። ነጥቡ ከቆመ ለምን ቆመ፣ ከሄደ ለምን ሄደ ይላል። ልጄ ቤት ውስጥ ካሉት በሮች ሁሉ የሽንት ቤቱን ትወደው ጀመር። እሱንም ብዙ አልወደደችውም፤ እዚያም ገብታ ከቆየች ይጮህ ነበር።

አንድ ቀን በክረምት ታክሲ ውስጥ ሆና መንገድ ተዘጋና ባትሪዋ አለቀ። ቤቷ ስትደርስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ምንም አልጠየቃትም። ጆሮዋን በቡጢ መታት። ስትወድቅ ደገማት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄ መጣች። ነጠላዋ በግራ በኩል ጠቁሮ ደርቋል። ገልጬ ሳየው ደም ነው።

"ምንድን ነው ይኼ?" አልኳት።

"ባትሪ ነው እማዬ" አለችኝ።

እኔም ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ጆሮዋን በመብራት አይቶ ታምቡሩ ክፉኛ ተቀዷል አለ። ይህን እየነገረን ሳለ ስልኳ ጮኸ።

"የት ነሽ?"

"ሐኪም ጋ።"

"ካሜራውን አዙሪ።"

አዞረች። እሱ ሐኪሙን አየና "ወንድ ነው እንዴ?" አለ። ስለ ጆሮዋ አልጠየቀም። ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከእኔ ጋር ቅሪ አልኳት። "ይመጣል" አለች። መጣም፤ ሽማግሌ ይዞ። ጉልበቴን ይዞ አለቀሰ። "ስለምወዳት ነው እማማ። ካላየኋት እዚህ ጋ የሆነ ነገር ያንቀኛል" ብሎ ደረቱን አሳየኝ። እንባው የእውነት ነበር። ያንቀው የነበረውም ነገር የእውነት ነበር፤ አይቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹ አስታረቁ። ልጄ ተመለሰች።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ የንስሐ አባታችን ጠዋት ጠዋት ራጉኤል ግቢ ውስጥ ለአንድ ሰዓት በጽሞና እንድትቀመጥ ነገሯት። "ከማንም ጋር አትነጋገሪ። ለማርያምም ቢሆን ብዙ ቃል አታብዢ። ዝም ብለሽ ቁጭ በይ" አሏት። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ውኃ የጠማው ሰው ምንጭ አለ እንደተባለ ነበር የምትነግረኝ። ባሏንም ፈቃድ ጠየቀችው። "ጸልዪ፤ ማን ከለከለሽ? ስልኩን ግን እንዳትዘጊ" አለ።

በመጀመሪያው ቀን ስልኩ ጉያዋ ውስጥ እንደ ጥንዚዛ ሲያንቀጠቅጣት አረፈደ። ስታነሳው ካሜራውን አዙሪ አላት። "ወደ ቤተ መቅደስ አላዞርም" አለችው። ማታ ፀጉሯን ይዞ ከግድግዳ አላተማት። በማግስቱ ስትመጣ በነጠላዋ ሥር ሻሽ ጠበቅ አድርጋ አስራ ነበር።

"በቃ ተዪው፤ ቤትሽ ሆነሽ ጸልዪ" አልኳት።

"አልተውም" አለች። ልጄ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቢ ብላኝ አታውቅም ነበር። "እማዬ፣ ይህችን ሰዓት ካጣሁ እብድ ነው የምሆነው። ወይ አብዳለሁ፣ ወይ ራሴን አንድ ነገር አደርጋለሁ።"

ዘዴውንም ያመጣችው እሷ ናት። ስልኩን እንደበራ ሱቄ ውስጥ ክር ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሰማያዊው ነጥብ እናቷ ጋ እንዳለች ይናገራል። እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ራጉኤል ትሄዳለች፤ ከግቢው ጀርባ ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለች። ሰዓቷ ሲሞላ ትመለሳለች። ደውሎ ከነበረ መልሳ ትደውልለታለች።

"እኔ መዋሸት አልችልም" አልኳት።

"አትዋሺ። ዝም በይ።"

ዝም ማለት እችልበታለሁ። ኖሬበታለሁ።

ለጥቂት ቀናት ሆነልን። ስትመለስ ፊቷ በቀዝቃዛ ውኃ እንደታጠበ ሰው ፊት ነበር። እዚያ ምን እንደምታስብ፣ ምን እንደምትጸልይ አልጠየቅኋትም። እንድትጠየቅ አይደለም የሄደችው። ጎረቤቴ ብቻ ስታያት "ማሻአላህ፣ ዛሬማ ሙሽራ መስለሻል" ትላታለች።

ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሸራውን ይደበድብ ነበር። ልጄ እንደወጣች ስልኩ ሳጥኑ ውስጥ ጮኸ። ዝም አለ። ደግሞ ጮኸ። ለደንበኛ ክር እየቆረጥኩ ነበር፤ ክሩን አሳጠርኩበት። ስልኩ ዝም ሲል ሄደልኝ ብዬ አሰብኩ። የሄደ መስሎኝ የነበረው እየመጣ ነበር። ሶማሌ ተራ ቅርብ ነው።

ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆመ። ደንበኛዬ አየውና ክሩን ይዞ ወጣ።

"እንደምን አደሩ እማማ። የት ናት?"

ዝም አልኩ።

እጁን ኪሱ ከትቶ ስልኩን አወጣና ደወለ። ሳጥኑ ጮኸ። ወደ ሳጥኑ ሄዶ ዘረገፈው፤ ክሩ በየአቅጣጫው ተንከባለለ። ሮዙን ስልክ ከመሀሉ አነሳው።

"ነጥቡ እዚህ ነው። እሷስ?"

ዝም አልኩ።

"እማማ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ማን ጋር ናት?"

"ብቻዋን ናት" አልኩ። ይህ እውነት ስለሆነ ተናገርኩት።

"ውሸት!" ብሎ ባንኮኒውን ሲመታው የቁልፍ ብልቃጦቹ ዘለሉ። "ስልኩን ጥሎ ብቻውን የሚሆን ማነው? ብቻውን ምን ይሠራል ሰው?" ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረና "አንቺ ነሽ! ያባለግሻት አንቺ ነሽ!" አለኝ።

አንቺ ሲለኝ አወቅሁት። ሰውዬው ከዚህ በኋላ የሚያቆመው ነገር የለም ማለት ነው።

መደርደሪያውን ስቦ ላዬ ላይ ጣለው። ብልቃጦቹ ተሰበሩ፤ ቁልፍ እንደ በረዶ ወረደብኝ። ልነሳ ስል አንገቴን ይዞ ወደ በሩ ወረወረኝ። እሱ ራሱ ያቃናልኝ የብረት መዝጊያ ጠርዝ ግንባሬን አገኘው። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። "የት ናት! የት ናት!" እያለ በጫማው ጎኔን መታኝ። አልተናገርኩም። አፌን ብከፍት ከጩኸቱ ጋር ቦታው እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ጥርሴን ነከስኩ።

ጎረቤቴ ጨርቅ የምትለካበትን የእንጨት ሜትር ይዛ ገባች። "አንተ ወመኔ! እናት ትመታለህ?" ብላ ጀርባው ላይ አሳረፈችበት። ሜትሩ ተሰበረ። እሷንም ገፍትሮ ጣላት።

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሁሉም ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ከፊት የቆመውን ጎረምሳ "ልጄ፣ በማርያም፣ ያዝልኝ!" አልኩት።

"ቆይ እማማ፣ ላይቭ ነኝ" አለኝ።

ከራጉኤል በኩል ደወል ተሰማ። አላሰብኩትም፤ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ዞረ። አንደበቴ የደበቀውን ዓይኔ አወጣው። እሱ አየኝ።

"ቤተ ክርስቲያን ናት" አለ። ባንኮኒው ላይ ሰፊዎች ጨርቅ የሚቆርጡበት ትልቅ መቀስ ነበር። አነሳው። "ባገኛት አልምራትም" ብሎ ወጣ፤ በአንድ እጁ መቀስ፣ በአንድ እጁ ሮዝ ስልክ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ተከተልኩት። ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ ነጠቀኝ፤ ባዶ እግሬን ሮጥኩ። ደሙ እየሸፈነኝ "ያዙት!" እላለሁ። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ዞሩ። እስቲ እናንተው አስቡት። መርካቶ መሀል አንድ ወንድ የሴት ስልክ ይዞ ይሮጣል። ከኋላው ግንባሯ የተፈነከተ አሮጊት ያዙት እያለች ትሮጣለች። መርካቶ ይህን አይቶ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሌባ!"

ማን እንደጮኸ አላውቅም። ጎረቤቴ እሷ እንዳልሆነች በአላህ ምላልኛለች፤ አምናታለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው የጮኸው፤ ከዚያ ሁሉም ጮኸ። "ሌባ! ሌባ! ያዘው ሞጭላፋውን!" የቤተ ክርስቲያኑ በር ከመድረሱ በፊት አንዱ እግሩን ዘርግቶ ጣለው። መቀሱ ከእጁ በረረ። ከዚያ በኋላ እሱን ማየት አልተቻለም። ጫማ ብቻ ነው የሚታየው፤ የሚነሳና የሚወርድ ጫማ። አንዱ ድንጋይ ያነሳል፤ አንዱ ብረት ይዟል። "እጁን በለው! የሰረቀበትን እጁን!" ይላሉ። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ከላይ ደግሞ ስልኮቹ፤ በዝናቡ ውስጥ እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው።

ልጄ ከግንቡ ወዲያ ናት። ይህ ሰው ከዚህ ካልተነሳ ልጄ ነፃ ናት። ይህ ሐሳብ በጭንቅላቴ አልፏል። ግን አልቆየም፤ አልፎ ሄደ። ተመስገን።

"ሌባ አይደለም! የልጄ ባል ነው!" አልኩ። የሰማኝ የለም። በክርናቸው መሀል ገባሁ። አንድ ዱላ ትከሻዬን አገኘኝ፤ ለእኔ የተሰነዘረ አልነበረም። ላዩ ላይ ወደቅሁ። በእሱና በእነሱ መሀል ላደርገው የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። ነጠላዬን ከራሴ አወለቅሁና ከራሱ እስከ ጉልበቱ ሸፈንኩት።

ዱላው ቆመ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ አንዲት ሴት "ውይ! ሞተ!" አለች። እናት ሰውን በነጠላ የምትሸፍነው ሲሞት ነው። ሁሉም እንደዚያ አሰቡ። አንዷ "ኡኡ!" አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። ድንጋይ የያዘው ድንጋዩን ቀስ ብሎ ጣለው። ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ገዳይ ተብሎ በቪዲዮ መታየት የሚፈልግ የለም፤ ፖሊስ ሳይመጣ ሁሉም ወደየጆንያውና ወደየሱቁ ተበተነ።

ከሥሬ ይተነፍስ ነበር። ነጠላው አፉ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል በክንዴ ደገፍኩት፣ እንዳይታይ። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብዬ "አትንቀሳቀስ" አልኩት። አልተንቀሳቀሰም። ደሙ በነጠላዬ ላይ ሲሰፋ፣ እሱና እኔ በዚያ ሁሉ መርካቶ መሀል ብቻችንን ሆንን። ማንም አልጠራንም።

የጠራን ሮዙ ስልክ ነው። ጭቃ ውስጥ ወድቆ፣ ፊቱ ተሰንጥቆ፣ ጮኸ። ጎንደር ያለች የእህቴ ልጅ ናት። አነሳሁት።

"አክስቴ! አሁን በላይቭ አየሁሽ! ደም በደም ሆነሽ! ምን ሆናችሁ? የታል እሱ? እስቲ ካሜራውን አዙሪው!"

መልሼ ጭቃው ላይ አስቀመጥኩት።

ጎረቤቴ ፖሊስ ይዛ ደረሰች። "አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ እህት" እያለች ከላዩ አነሳችኝ። በቃሬዛ ሲያነሱት ልጄ ከግቢው ወጣች። ነጠላዋን በሥርዓቱ ተከናንባለች፤ ፊቷ እንደ ሰሞኑ የታጠበ ነው። በዚያ ከተማ ወሬውን ያልሰማች እሷ ብቻ ነበረች። ጩኸቱን ሰምታዋለች፤ ግን መርካቶ መቼ የማይጮህበት ቀን አለ? ሰዓቷን ጨርሳ ነው የወጣችው። መጀመሪያ ያየችው ያልተሸፈነውን ራሴን ነው።

"እማዬ፣ ነጠላሽስ?" አለችኝ።

ከዚያ ቃሬዛው ላይ አየችው።

እሱን ልጠይቅ ሆስፒታል የሄድኩት ከሰነበተ በኋላ ነው። ልጄ አልሄደችም፤ ሂጂም አላልኳት። ግንባሬ ተሰፍቶ፣ የአጃ ሾርባ ይዤ ገባሁ። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ እጁ በጀሶ ተጠቅልሏል። አጠገቡ ያለው የራሱ ስልክ አላቋረጠም። ቪዲዮው ያልደረሰበት ዘመድ የለም። ክፍለ ሀገር ያለው ወንድሙ ደውሎ "ካሜራውን አዙረው እንጂ፣ ፊትህን እንየው" ይላል። የሶማሌ ተራ ጓደኞቹ ይደውላሉ። "ሌባው!" እያለ የሚስቅም ነበረበት። እሱ ደኅናውን እጁን ዘርግቶ ስልኩን በአፍጢሙ ደፋው። እንደተደፋ ጮኸ።

"እማማ" አለኝ። "እባክዎ ይዝጉልኝ።"

ዘጋሁለት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሾርባውን በማንኪያ ሰጠሁት። ሾርባው ሲያልቅ ጠየቀኝ።

"ማን ጋር ነበረች?"

"ብቻዋን።"

"ብቻዋን ምን ታደርግ ነበር?"

"ብቻዋን ትሆን ነበር" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ስልኩን ይክፈቱልኝ አላለም። ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ማለቴ ልጄን መመለስ አልነበረም። ሽማግሌ ሲልክ "እኔ ይቅር ብያለሁ፤ እሷ የእኔ ክር አይደለችም፣ ጠቅልዬ አልሰጥም" አልኳቸው። ልጄ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጠች። ተፋቱ። አሁንም ሶማሌ ተራ ነው ያለው፤ እጁ ግን ከባድ ዕቃ አያነሳም አሉ። እግዚአብሔር ይማረው።

ያ ቪዲዮ እስከ ዛሬ ይዞራል። አንዳንዱ ደንበኛ ስልኩን ዘርግቶ "ይህች እርስዎ አይደሉም?" ይለኛል። በጭቃው ውስጥ ባዶ እግሯን የምትሮጥ አሮጊት ናት። "ቁልፉ ባለ አራት ቀዳዳ ይሁን ባለ ሁለት?" እለዋለሁ።

ልጄ አሁን ከእኔ ጋር ትሸጣለች። የድሮ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዘችው፤ ካሜራ የለውም። ግራ ጆሮዋ አልተመለሰም። ሱቁ ውስጥ ስትቀመጥ ያንን ጆሮዋን ወደ መንገዱ ታደርገዋለች። "በዚህ በኩል ማንም አይጠራኝም" ብላ ትስቃለች። እኔ አልስቅም፤ ግን እሷ ስትስቅ ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ በፍልሰታ ዝናቡ በርትቶ ስለነበር አንድ ቀን ራጉኤል መሄድ አልቻለችም። ጥግ ላይ ክር ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበችው። አንድ የቆየ ደንበኛችን፣ ልብስ ሰፊ፣ ዝናቡን እያራገፈ ገባ።

"እትዬ፣ ልጅዎን ይጥሩልኝ እስቲ። ያንን ወርቅማ ዚፕ የት እንዳስቀመጠችው እሷ ናት የምታውቀው።"

እኔ አፌን ሳልከፍት ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ ድምፅ መጣ። "ተሸፍናለች፤ አይታይህም እንዴ? ኔትወርክ የላትም!"

ሰፊው ወደ ጥጉ አየ። ሳቁን በእጁ ያዘ፤ ዱካ ስቦ ቁጭ አለና ጠበቀ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ሲጮህ ብድግ ብሎ ወጣና ዝናቡ ውስጥ ቆሞ አነሳው።

እግዚአብሔር ይስጠው አልኩ በልቤ።